የቆመን አይሮፕላን ማን ያበርደዋል?

አይሮፕላን በአሥርና በአሥራ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበር፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው አየር ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ብርድ ነው። ይኸው አይሮፕላን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆላ ላይ ሲያርፍ ግን በጥላ ውስጥ 40 ዲግሪ ወደሚያልፍ ትኩሳት ይገባል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ሲበር ይነፍስለት የነበረው ነፋስ ይቀራል፤ ፀሐይዋ ግን አትቀርም። በዚያች ሰዓት ያ ሰማዩን ሰንጥቆ የመጣ መሣሪያ በሜዳ ላይ የተጣለ የቆርቆሮ ቤት ይሆናል። ውስጡ ደግሞ ሰው አለበት።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሸሕዲ በማስተምራቸው ልጆች መካከል የተነሣ ክርክር ነው። አንደኛው ተማሪ በአንድ ጋዜጣ ላይ የታተመ ሥዕል ይዞ መጣ። በሥዕሉ ላይ አንድ ትልቅ አይሮፕላን ቆሟል፤ ከሆዱ ሥር የሰው ጭን የሚያህል ቢጫ ቱቦ ተሰክቶበታል፤ ቱቦውም ወደ አንድ ባለ መንኰራኩር ሣጥን ይሄዳል። አንዱ “ነዳጅ እየቀዱለት ነው” አለ። ሌላው “የለም፣ ውሃ ነው” አለ። ከኋላ የተቀመጠው ቀልደኛ ደግሞ “ሆዱን እያጠቡለት ነው” ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀው። እውነቱ ከሦስቱም ይለያል። በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ነው፤ በሚገባ የቀዘቀዘና ርጥበቱ የተወሰደለት ነፋስ።

ጥያቄው ከሸሕዲ መነሣቱ አያስደንቅም። ጎንደርን ትቶ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ በመጨረሻም ትዕግሥቱን እያወለቀ እንደሚሄድ ያውቃል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ዮሐንስ 685 ሜትር ላይ ናት። አየር ወደ ላይ በወጣ መጠን በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ ብቻውን የዘጠኝ ዲግሪ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በመተማ ወረዳ ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ወራት ሰው ቤቱን ትቶ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል። ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ካለው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ በተኛው ሰው ላይ ስለሚተፋው ነው።

የቆመም አይሮፕላን ነገር ከዚህ ቤት ነገር ብዙ አይለይም። ገላው በአብዛኛው ከስስ አሉሚንዮም፣ በአዲሶቹም ከካርቦን ጭረት የተሠራ ነው። ረጅም፣ ጠባብና መስኮቱ የማይከፈት ቤት ነው። ለምሳሌ በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የምናየውን ባለ ሁለት ሞተሩን ኪው 400 እንውሰድ። ርዝመቱ 32.8 ሜትር፣ የገላው ስፋት 2.7 ሜትር ያህል ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ኪሎዋት ገደማ ኀይል ታወርዳለች። ከአይሮፕላኑ ጀርባ 70 ካሬ ሜትር ያህሉ ለፀሐይ ተዘርግቷል ብንል፣ 70 ኪሎዋት በላዩ ላይ እየወረደ ነው። ነጩ ቀለም አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። አይሮፕላኖች ሁሉ ነጭ መልበስ የሚወዱት ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል። የቀረው ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመስኮቱም በኩል ብርሃን ሆኖ ይገባና ወንበሩን ሲመታ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው የሙቀት ምንጭ እኛው ራሳችን ነን። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ከገላው ይወጣል። ሰባ ስምንት መንገደኛ ተሳፍሮ በሩ ሲዘጋ ስምንት ኪሎዋት የሚጠጋ ምድጃ በውስጡ ተጣደ ማለት ነው። ሦስተኛው ምንጭ ከአብራሪው ፊትና ከወለሉ ሥር የተደረደረው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። የዛሬ አይሮፕላን ከፊል ነፍሱ ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ሲሠራ ይሞቃል፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ካልሰሙት ይጠፋል። ስለዚህ የማቀዝቀዙ ነገር የመንገደኛ ድሎት ብቻ ነው የሚል ሰው ነገሩን በግማሹ አይቶታል።

በድሮ ጊዜ እንዴት ይደረግ ነበር?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉት ባለ ሁለት ሞተር ሲ 47 ነበሩ፤ ብዙ ሰው ዲሲ 3 እያለ የሚጠራቸው ማለት ነው። ወንበራቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ አግዳሚ፣ ጭነቱም በመካከል የታሰረ ነበር። በዚያን ዘመን በቆላ ሜዳ ላይ ማቀዝቀዣ ማለት የተከፈተ በርና የክንፍ ጥላ ነው። ፕሮፔለሩ መዞር ሲጀምር አብራሪው በጎኑ ያለውን መስኮት ገፋ አድርጎ ነፋስ ይስባል፤ አይሮፕላኑም ሲነሣ ከፍታው ራሱ የቀረውን ሥራ ይሠራለታል። አይሮፕላኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው ጥቂት፣ ቆይታውም አጭር ስለነበረ ይህ ያስኬድ ነበር። መንገደኛውም ላቡን ጠርጎ ዝም ይል ነበር፤ በበቅሎ ሳምንት የሚፈጅ መንገድ በሰዓት ሲያልቅለት ማን ስለ ሙቀት ያወራል?

ነገሩ የተለወጠው ጄት ሲመጣ ነው። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ሥራ ላይ አዋለ። ጄት በሩ ጥብቅ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ መንገደኛውም ብዙ ነው። የዚያ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ጄቶች በአብዛኛው ዋናው ሞተር ካልተነሣ በቀር ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ የራሳቸው መሣሪያ አልነበራቸውም። ዋናውን ሞተር ደግሞ መንገደኛ እየወጣና እየገባ፣ ሻንጣ እየተጫነ ማስነሣት አይቻልም። ስለዚህ ከመሬት የሚያግዘው አስፈለገ፤ ሞተር የሚያስነሣለት፣ መብራት የሚሰጠው፣ አየር የሚነፋለት። አይሮፕላን ባረፈ ቁጥር የመኪናና የጋሪ ሠልፍ የሚከበው ከዚህ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቦይንግ 727 ደግሞ ሌላ መላ ይዞ መጣ። በውስጡ ትንሽ ረዳት ሞተር ተሠራለት። ባለሙያዎቹ ኤ.ፒ.ዩ. የሚሉት ይህ ነው። በዛሬዎቹ አይሮፕላኖች ላይ በጭራቸው ጫፍ ቀዳዳ አይታችሁ እንደሆነ ጢስ የሚወጣው ከዚህ ረዳት ሞተር ነው። አይሮፕላኑ ቆሞ ሳለ የሚሰማው ያ የማያቋርጥ ፉጨትም የእርሱ ነው።

በእሳት ብርድ መሥራት

ረዳቱ ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ተቃጥሎ እንዴት ብርድ ይወጣል? ይህ ተማሪዎቼን ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቃቸው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማየት የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይበቃል። ጎማ ስትነፉ የመንፊያው አፍ እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። አሁን ደግሞ የተነፋውን ጎማ አስተንፍሱት፤ ሹልክ ብሎ የሚወጣው አየር ጣትን ያቀዘቅዛል፤ አየር ሲፈታ ይቀዘቅዛልና። አይሮፕላኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ረዳቱ ሞተር አየሩን ያምቀዋል፤ የታመቀው ትኩስ አየር በቀጫጭን ቧንቧዎች መካከል ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ተርባይን እያዞረ በድንገት ይፈታል። በዚያን ጊዜ እስከ ውርጭ ሊደርስ ይችላል። ቆላ ላይ ተሳፍራችሁ ከራሳችሁ በላይ ካለው ቀዳዳ ጉም የመሰለ ነገር ሲወጣ ብታዩ አትደንግጡ፤ ጢስ አይደለም። ርጥብ አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው እስትንፋስ ነው።

ሁሉም አይሮፕላን እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አስቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከሞተሩ አየር አይቀዳም። ለመንገደኛው የሚሆነውን አየር በኤሌክትሪክ በሚዞሩ ኮምፕሬሰሮች ከውጭ ይስባል። ስለዚህ እርሱ ቆሞ ሳለ ከሁሉ በላይ የሚለምነው ብዙ ኤሌክትሪክ ነው።

ረዳት ሞተር ካለ ታዲያ ቢጫው ቱቦ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ዋጋ ነው። እንደ 737 ያለ መካከለኛ አይሮፕላን ረዳት ሞተር በአንድ ሰዓት ውስጥ 100 ኪሎ ገደማ ነዳጅ ይጨርሳል። አይሮፕላኑ አንዲት ጋት ሳይራመድ ማለት ነው! በዚህ ላይ ጩኸቱ አለ፤ ጢሱ አለ፤ ሞተሩም በሠራ ቁጥር የጥገናው ቀን እየቀረበ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት እንደ ዙሪክ ባሉ አይሮፕላን ጣቢያዎች ረዳት ሞተርን እንደ ልብ ማስነሣት አይፈቀድም፤ አብራሪው በጣቢያው መብራትና በጣቢያው አየር መጠቀም አለበት።

የብርድ ጋሪው

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ያ ባለ መንኰራኩር ሣጥን በመሠረቱ ከሱቅ ውስጥ ካለው የለስላሳ ማቀዝቀዣ የተለየ ፍጥረት አይደለም። በውስጡ ኮምፕሬሰር አለ፤ ኮምፕሬሰሩ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ያምቀዋል፤ ጋዙ በቧንቧ ሲዞር ሙቀቱን ለውጭ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ሲፈታ እንደገና ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ሲለወጥም በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይጠጣል። ኀይለኛ ማራገቢያ የውጭውን አየር በዚህ ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ ያሳልፈውና ወደ አይሮፕላኑ ይገፋዋል። የጋሪው አየር ከቤት ማቀዝቀዣ አየር በጣም ይልቅ መቀዝቀዝ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። ምክንያቱም የሚገባው በጠባብ መንገድ ነው፤ በጠባብ መንገድ ብዙ አየር ማስገባት ካልተቻለ፣ የሚገባው ጥቂቱ ብዙ ብርድ ተሸክሞ መግባት አለበት።

የመንገዱ ስፋት በዓለም ሁሉ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። በአይሮፕላኑ ሆድ ላይ ያለው አፍ ስምንት ኢንች፣ ይኸውም ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ አይሮፕላኖች እንዲህ ያለ አፍ ሁለትና ከዚያ በላይ አላቸው። በካርቱም የተሠራ ጋሪ በቦሌ፣ የቦሌውም በፍራንክፈርት እንዲገጥም ተብሎ ነው። እኔ ይህን ስምምነት ከብዙ የፖለቲካ ስምምነቶች ይልቅ አደንቀዋለሁ፤ ቢያንስ ይሠራል።

ኀይሉን የሚለኩት በቶን ነው። ይህ ቶን የጋሪው ክብደት የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የበረዶ ቶን ነው። ማቀዝቀዣ ከመፈልሰፉ በፊት ሰው ምግቡን የሚያቆየው በበረዶ ስለነበረ፣ አሜሪካኖች አንድ ቶን በረዶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቀልጦ የሚጠጣውን ሙቀት መለኪያ አደረጉት። የእነርሱ ቶን 907 ኪሎ ነው፤ በኤሌክትሪክ ቋንቋ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ይሆናል። ለአንድ መካከለኛ ጄት 30 ቶን ገደማና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ለትልልቆቹ መቶ ቶን የሚጠጋና የሚያልፍም አለ። እንግዲህ ሠላሳ ቶኑን ብቻ በአሮጌው መንገድ እንሥራው ብንል በቀን 27 ሺህ ኪሎ በረዶ ከአይሮፕላኑ ሥር መከመር ሊኖርብን ነው። ቅድም ያሰላነው የሰባ ስምንት መንገደኛ ሙቀት ከሁለት ቶን ጥቂት ይበልጣል። ትርፉ ሁሉ ለፀሐይ፣ ለዕቃውና በበር ለሚገባው ትኩስ አየር ነው።

ይህ ስለ በር ያልሁት ነገር ሊናቅ አይገባውም። ጋሪው ተሰክቶ ሳለ በሮቹ ወለል ብለው ከተከፈቱ የቆላን ሜዳ ለማቀዝቀዝ መነሣት ነው። ስለዚህ የመስኮቱ መጋረጃ ይወርዳል፤ የማያስፈልገው በር ይዘጋል፤ ቱቦው ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። የተጣጠፈ ቱቦ አየር አያሳልፍም። ረጅም ሆኖ በትኩስ አስፋልት ላይ የተጋደመ ቱቦ ደግሞ ብርዱን በመንገድ ላይ ያፈስሰዋል። ጥሩ ሠራተኛ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው።

ከጋሪው አጠገብ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ጋሪ ይቆማል፤ እርሱ የመብራት ነው። አይሮፕላን የቤታችንን መብራት አይቀበልም። የእኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ የአይሮፕላኑ 400 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቮልቱም 115 ነው። ይህ የሆነው ለክብደት ሲባል ነው። ምልልሱ በፈጠነ መጠን ትራንስፎርመሩና ሞተሩ እያነሰና እየቀለለ ይሄዳል፤ በአየር ላይ ደግሞ አንዲት ኪሎ ብረት ዋጋ አላት። ስለዚህ የከተማው መስመር እስከ አይሮፕላኑ ቢደርስ እንኳ በመካከል የሚለውጠው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ዚር ለአይሮፕላን ለምን አይሆንም?

የመተማ ሰው ብርድ መሥራትን ከመጽሐፍ አልተማረም። ከወሰን ወዲያ ያሉ ጎረቤቶቻችን ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ ጋን በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በውስጡ የቀረውም ውሃ ጥርስ የሚያረካ ይሆናል። ካርቱም ውስጥ በብዙ ቤቶች መስኮት ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣም የዚር ወንድም ነው። ውሃ የሚንጠባጠብበት ጭድና ማራገቢያ ነው። ኤሌክትሪኩ ጥቂት፣ ዋጋው ርካሽ ነው።

አንድ ብልህ ተማሪ “መምህር፣ ታዲያ ይህንኑ ከአይሮፕላኑ ሥር ብናቆመውስ?” አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይህ ዘዴ ብርዱን የሚሰጠው ርጥበት እየጨመረ ነው። ሰው በበጋ ይህን ይወደዋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን አይወደውም። በክረምትም፣ አየሩ ራሱ ውሃ በጠገበ ጊዜ፣ መትነን ያቅተዋልና ዚሩም ሣጥኑም ሥራ ይፈታሉ። የብርድ ጋሪው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ርጥበቱን ከአየሩ ያወጣዋል። በክረምት ከሥሩ ውሃ ሲንጠባጠብ ብታዩ ያ ውሃ ከአየሩ የተጨመቀ ነው። እንዲያውም ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የዘመናዊውን ማቀዝቀዣ አባት ሲሠራ ያስጨነቀው ሙቀት ሳይሆን ርጥበት ነበር። በብሩክሊን ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በርጥበት እየተሳበ ቀለሙ አልገጥም ስላለ ነው የጠሩት። መጽሔት አንባቢዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ብርዱ የተወለደው ከማተሚያ ቤት ነው።

ሙቀት የሚያስቀረው

ሙቀት አይሮፕላንን በሌላም መንገድ ይፈትነዋል። ትኩስ አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይቀንሳል። ስለዚህ በቀትር ቆላ ላይ የሚነሣ አይሮፕላን ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳው አጭር ከሆነ ጭነት ይቀንሳል። በሰኔ ወር 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ ሙቀቱ ወደ 48 ዲግሪ ሲጠጋ ትንንሾቹ ጄቶች ከተፈቀደላቸው የሙቀት ልክ ስላለፈ በርካታ በረራዎች ተሰርዘዋል። ይህን የብርድ ጋሪ አያድነውም፤ ጋሪው የሚያበርደው የአይሮፕላኑን ውስጥ እንጂ የሜዳውን አየር አይደለም። ለዚህ የተገኘው መላ ጥንታዊ ነው፤ የመተማ አራሽም ያውቀዋል፤ በማለዳ ተነሥቶ ሥራውን መጨረስ።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚረሳ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ቱቦውን የሚሰካው ነው። በፀሐይ የተመታ አስፋልት ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። መንገደኛው ውስጥ ተቀምጦ “በረደኝ” እያለ ብርድ ልብስ ሲጠይቅ፣ ውጭ ያለው ሠራተኛ በጋሪው የትኩስ አየር መውጫ በኩል ቆሞ ሙቀቱን በእጥፍ ይቀበላል። ማቀዝቀዣ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከአንዱ ቦታ ወስዶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል እንጂ። የሚጥለውም በሠራተኛው ላይ ነው። እኔ የአይሮፕላን ጣቢያ አዛዥ ብሆን ከጋሪው አስቀድሜ የሠራተኞቹን ዳስና የውሃ ጋን አሠራ ነበር።

መድኃኒቱስ?

አንዳንድ ሰው “ሸሕዲ አይሮፕላን የማያርፍባት ከተማ፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል?” ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ የአካባቢያችን ሰው አይሮፕላን ሲፈልግ ወደ አዘዞ ይወጣል፤ እዚያ ያለው የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። በእርግጥ የመተማ ሰማይ አይሮፕላንን ከብዙ የአገራችን ከተሞች አስቀድሞ አይቷል። ያየው ግን በክፉ ጊዜ ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጋላባት ያለውን የኢጣልያ ምሽግ ሲያጠቃ የሁለቱ ወገን ተዋጊ አይሮፕላኖች በዚሁ ሰማይ ላይ ተፋልመዋል፤ እንግሊዞችም በርካታ አይሮፕላኖች ጠፍተውባቸዋል።

ነገር ግን ቆላና ብርድ የሚገናኙበት ጉዳይ ከአይሮፕላን መንገደኛ ይሰፋል። በየዓመቱ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ከአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይቀበላል። ይህ በሽታ ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ በስብ ቅንጣት የተሸፈነው አምፎቴሪሲን፣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ መቀመጥ አለበት። ክትባት ደግሞ ይበልጥ ይቀበጣል፤ አብዛኛው የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ቦሌ ሲደርስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጠብታ ነበር። እንዲህ ያለ ጭነት ከአይሮፕላን ሆድ ወጥቶ ወደ ቀዝቃዛው መጋዘን እስኪገባ ድረስ በሜዳው ላይ ያለችው ጊዜ ከጉዞው ሁሉ ይልቅ አስጊዋ ናት። ስለዚህ ለጭነትም የራሱ የብርድ ጋሪና ፀሐይ የሚመልስ መሸፈኛ ተሠርቶለታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ስሕተት ሲደረግ አየሩ ራሱ ይቅር ይላል። መድኃኒቱ ቦሌን አልፎ ሸሕዲ ሲደርስ ግን ይቅር የሚል አየር የለም። ለሰላሳ ደቂቃ ፀሐይ ላይ የተተወ ካርቶን በሽተኛውን ከነተስፋው ሊያስቀረው ይችላል።

ሌላም ያየነው ነገር አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቃቶች አንዱ የወረደው በአይሮፕላን ጣቢያው ላይ ነው። በሜዳው የቆሙ የመንገደኛ አይሮፕላኖች ተቃጠሉ፤ የሱዳን ሰማይም ለመንገደኛ ተዘጋ። በአየር ሊሄድ የነበረው ሰው በብዙ ሺህ እየሆነ በጋላባት በኩል ወደ መተማ በእግርና በመኪና መጣ። ወሩ ከዓመቱ ሁሉ የሚያቃጥለው ሚያዝያ ነበር። ሕፃንና ሽማግሌ በድንኳንና በዛፍ ጥላ ሥር ሰነበተ፤ የቻለውም ወደ ጎንደር ወጥቶ ከአዘዞ ተሳፈረ። በዚያ ወራት በዚህ አገር ሆኖ ያየ ሰው፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የምትገኝ አንዲት ሰዓት ለደከመ ሰው ምን ያህል እንደምትሆን አይጠየቅም።

ወደ ፊት በምዕራብ ጎንደር ቆላ የአይሮፕላን ሜዳ ቢሠራ ምን ይቅደም? ብዙ ሰው የሚመኘው ሕንፃውን ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። በቀን አንድ ሁለት አይሮፕላን ብቻ ለሚያርፍበት ሜዳ ሠላሳ ቶን ጋሪ መግዛት አያዋጣም፤ ለግማሽ ሰዓት ቆይታ የአይሮፕላኑ ረዳት ሞተር ይበቃል። መቅደም ያለበት የማለዳ በረራ፣ ለመንገደኛና ለሠራተኛ ሰፊ ዳስ፣ ለመድኃኒት የሚሆን አንድ ቀዝቃዛ ክፍልና የማይቋረጥ መብራት ነው። ጋሪው ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ሲመጣም ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የሚያወጣውን ሙቀት ሲሶ የሚያህል ኀይል ለኮምፕሬሰሩ ብቻ ይፈልጋል፤ የማራገቢያው ከዚህ ውጭ ነው። መብራት ከሚጠፋበት ቦታ የቆመ ጋሪ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

ሰው ግን ከወዲሁ አለ። በሸሕዲ ገበያ አጠገብ የሱቆችን የለስላሳና የሥጋ ማቀዝቀዣ የሚጠግኑ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱን ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ሥራውን አሳዩን ብዬ ለመንሁት። ቀይና ሰማያዊ ቱቦ ያለውን የግፊት መለኪያውን አውጥቶ በኮምፕሬሰሩ ላይ ሰካው። “ሰማያዊው ዝቅተኛውን ያሳያል፤ ቀዩ ከፍተኛውን፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል” አላቸው። ልጆቹ ተራ በተራ አንዱን ቧንቧ ሲነኩ ተቃጠሉ፤ ሌላውን ሲነኩ ጣታቸውን በረዳቸው። ጠጋኙ ስለ አይሮፕላኑ ጋሪ ስነግረው ብዙም አልተደነቀም፤ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ስንት ኪሎ ጋዝ እንደሚይዝ ብቻ ነው።